ተጎታቿን ያደሰልኝ የጅማ እንጨት ቤት

ትንሿ የካምፕ ተጎታቼ አሮጌ ብትሆንም ከውጭ ስትታይ ደህና ናት። ውስጧ ግን በስብሷል። ግድግዳው በጣት ሲጫኑት እንደ ራሰ ዳቦ ይሰረጉዳል። ሄርማታ አካባቢ አንድ እንጨት ቤት ወሰድኳት። አናጺው ምንም ሳይነቅል መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ውሃ ደፋ። ውሃው በመስኮቱ ጠርዝና በጣሪያው መገጣጠሚያ ገባ። «ይሄ ሳይደፈን አዲስ እንጨት ማስገባት ብር መጣል ነው» አለኝ። በጅማ ዝናብማ እውነቱን ነው! የደረቀው ማሸጊያ ተፍቆ በአዲስ ተሞላ። የበሰበሰው ማገር በዋንዛ ተተካ፤ ዋንዛን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ግድግዳው ክብደት እንዳይበዛ በስስ ፕላይውድ ተለበጠ። የቁም ሳጥኑ በር አገጣጠም ልቅም ያለ ነው፣ ወረቀት አያሾልክም። ቀጠሮ ላይ ግን «ነገ ና» ያበዛሉ። ቫርኒሹ ሳይደርቅ ሊያስረክቡኝም ነበር፣ እምቢ አልኩ። ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እንጨቱንም አብራችሁ ሄዳችሁ ምረጡ።