ማርቡርግን ለእናቴ ላስጎበኙልን ሴትዮ ትልቅ ምስጋና

ጀርመን ያላችሁ፣ በተለይ ከቤተሰብ እንግዳ የምትጠብቁ፣ ይህችን አንብቡልኝ።

የምኖረው ማርቡርግ ነው። ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሕዝቧ 80,000 የማይሞላ የተማሪ ከተማ ናት። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ ሲገባ እማዬ ደውላ «አንቺ ያለሽበት ነው እንዴ?» ብላ አልቅሳለች። ስሙ እውነትም ከዚህ የመጣ ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ከኡጋንዳ በመጡ ጦጣዎች ሰበብ የላቦራቶሪ ሠራተኞች እዚህ ታመው ነበር። ታዲያ ከፋሲካ በኋላ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ከተማዋን እንድትወዳት በጣም ፈልጌ ነበር።

ችግሩ ጉልበቷ ነው። አሮጌው ከተማ ደግሞ ዳገትና ደረጃ ብቻ ነው። ቢገንሽትራሰ ያለው የቱሪስት ቢሮ ሄጄ አስጎብኚ ስይዝ ይህንኑ ነገርኳቸው፤ የመጡልን ሴትዮ መንገዱን ሁሉ ለእሷ ብለው አስተካክለውት ጠበቁን። ከታች ወደ ላይኛው ከተማ በነፃ የሚያወጣ ሊፍት አለ (እኔ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ሳላውቅ ሻንጣ እየጎተትኩ በደረጃ ነው የወጣሁት)። ገበያው አደባባይ ላይ ወንበር ፈልገው አስቀመጧት፣ ሰዓቱ ሲሞላ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ላይ ያለው አውራ ዶሮ ክንፉን ሲያራግብ እንድታይ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎቹ ሉተርና ዝዊንግሊ በ1529 እ.ኤ.አ. የተከራከሩበትን ቤተ መንግሥትም በእግር ሳትወጣ፣ ዓይነ ስውራን በእጃቸው እንዲያውቁት ከነሐስ በተሠራው ሞዴል ላይ አስዳሰሷት። ከተማዋ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስላላት እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ነው።

ቅድስት ኤልሳቤጥ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ እማዬ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ሰው ያያል፤ እኔ ተሳቀቅኩ። ሴትዮዋ ግን ለምን እንደሆነ ጠየቁኝና ጫማዋን ተቀብለው ያዙላት። ከዚያ ታሪኩን ቀስ ብለው፣ እኔ እስክተረጉም እየጠበቁ ነገሯት፤ ቅድስት ኤልሳቤጥ የንጉሥ ልጅ እንደነበረች፣ ባሏ ሲሞት እዚህ መጥታ ለድሆች ሆስፒታል እንዳሠራች፣ በሽተኛ በእጇ እያስታመመች ገና በ24 ዓመቷ በ1231 እ.ኤ.አ. እንዳረፈች። «የእኛዎቹን ጻድቃን ትመስላለች» አለች እማዬ፣ ዕንባዋ እየመጣ። ይህን ስተረጉምላቸው ሴትዮዋ እጇን ያዟት።

ስማቸውን ሳልጠይቃቸው አልጽፍም። እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን እዚያው ቢሮ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ደረጃ የሚከብደው ሰው ካለ ስትመዘግቡ ተናገሩ፣ አትፈሩ። ቤተ መንግሥቱን በቅርብ ማየት ለሚፈልግም አውቶቡስ እስከ ላይ ይወጣል።

እማዬ አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ በደወለች ቁጥር «እኚያ ሴትዮ ደህና ናቸው?» ትለኛለች። የተቆላ ቡና ልካላቸዋለች፤ ቅዳሜ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ።