ከማሽላና ከጤፍ የተጠመቀ ነጭ ቢራ ጣና ዳር፦ ብርጭቆው አልፏል፣ መጥበሻው ይቀረዋል

በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ግሉተን፣ የማይስማማው ሰው ባሕር ዳር ላይ ከወዳጆቹ ጋር ሲቀመጥ ምርጫው ጠባብ ነው፤ ወይ ጠጅ፣ ወይ ወይን፣ ወይ ለስላሳ። በየጠረጴዛው የሚቀርበው ጠርሙስና ድራፍት የገብስ ብቅል ነው። ጠላም ዳጉሳና ጌሾ ቢኖረውም ብቅሉ ብዙውን ጊዜ ገብስ፣ ቂጣውም ስንዴ የነካው ስለሆነ መሸሻ አይሆንም። ስለዚህ ከጀልባ መነሻው ብዙም ሳይርቅ፣ ጣና ዳር ያለ አንድ ምግብ ቤት «ግሉተን የሌለው የቤልጂየም ዓይነት ነጭ ቢራ» ብሎ ራሱ ጠምቆ ሲያቀርብ ነገሩ በደንብ ሊቀመስም ሊመረመርም ይገባዋል። ቤቱን በስም የማልጠራው ከታች የማነሳቸው የወጥ ቤት ጉድለቶች ገና ስላልተስተካከሉ ነው። ጠመቃው ግን በዝርዝር ሊወራለት የሚገባ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ከምን ጋር እንደምናስተያየው። የቤልጂየሙ ነጭ ቢራ ግማሽ ያህሉ ያልበቀለ ጥሬ ስንዴ፣ የቀረው የገብስ ብቅል፣ አንዳንዴም ጥቂት አጃ ነው። በድንብላልና በመራራ ብርቱካን ልጣጭ ይቀመማል፤ የሆፕስ (በቢራ ውስጥ የጌሾን ቦታ የሚይዘው ተክል) ምሬቱ ትንሽ ነው፤ አልኮሉ ከ4.5 እስከ 5.5 በመቶ ይሆናል፤ ሳይጣራ ደፍርሶ ይጠጣል። አጠማመቁ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጠፍቶ ነበር፤ ሆጋርደን በምትባል የቤልጂየም ከተማ መልሶ ያስነሳው ጠማቂው ፒየር ሴሊስ ነው። ዛሬ በዚያች ከተማ ስም የሚሸጠው ቢራ ስንዴም ገብስም ያለበት ስለሆነ፣ ነጭነቱና ቅለቱ አታሎት የሚጠጣው የሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ታማሚ ይጎዳል።

የቤቱ ቢራ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ እንደ አጓት ደፍርሶ ይቀርባል፤ በመልክ ከዋናው አይለይም። አረፋው ሁለት ጣት ያህል ይነሣና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይወርዳል፤ በብርጭቆው ግድግዳ ላይም ፈለግ አይተውም። ሽታው ግን ጥሩ ነው፦ ፊት የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀጥሎ ድንብላል፣ ከሥር በጣም ጥቂት ቅርንፉድ። አንድ ጉንጭ ሲወሰድ አገባቡ ለስላሳ ነው፣ መሃሉ ላይ ሳሳ ይላል፣ አጨራረሱ ደረቅና ቀለል ባለ ጉምዛዜ የታጀበ ነው። በማሽላ ቢራ የሚፈራው ምላስ የሚያደርቅ ሻካራነት የለበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዳንድ ቀይና ቡናማ ማሽላ ታኒን ይበዛበታል፣ እነሱ የተጠቀሙት ግን ነጩን ነው።

ጠማቂዎቹ እንደሚያስረዱት ለ100 ሊትር የሚገባው 14 ኪሎ የነጭ ማሽላ ብቅል፣ 6 ኪሎ የዳጉሳ ብቅልና 4 ኪሎ የነጭ ጤፍ ዱቄት ነው። ማሽላው አንድ ቀን ተዘፍዝፎ አራት ቀን ይበቅላል፤ ከዚያ በደንብ ደርቆ ሥሩና ቡቃያው ታሽቶ በወንፊት ይለያል። ይህን እርምጃ እቤቱ የሚሞክር ሰው እንዳይዘለው፤ የማሽላ ቡቃያ ወደ ሲያናይድ የሚለወጥ ንጥረ ነገር ስላለው ማድረቁም ማራገፉም ግዴታ ነው። ዳጉሳው መግባቱ የጎጃም ጠላ ጠማቂ የሚያውቀው ብልሃት ነው፤ ዳጉሳ ለብቅልነት የተመሰከረለት እህል ነው፣ ግሉተንም የለውም።

ዋናው ፈተና ድፍድፉ ላይ ነው። የገብስ ስታርች (የፍሬው ዱቄታማ ክፍል) ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በዚያው ሙቀት የብቅሉ ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል። የማሽላና የጤፍ ስታርች ግን ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ኢንዛይሙ ደግሞ በዚያ ሙቀት ይሞታል። የገብሱን መንገድ እንዳለ የገለበጠ ሰው የሚያገኘው አልኮሉ የሳሳ፣ ጥሬ ዱቄት ዱቄት የሚል ፈሳሽ ነው። እዚህ ቤት የተፈጨውን ብቅል በ50 ዲግሪ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ይነክሩትና ኢንዛይሙን የያዘውን የላይኛውን የጠለለ ውሃ ቀድተው ለብቻው ያስቀምጡታል። ከሥር የቀረውን ከጤፉ ዱቄት ጋር ግማሽ ሰዓት ያፈሉታል፤ ወደ 65 ዲግሪ ሲበርድ ያስቀመጡትን ውሃ መልሰው ይጨምሩና አንድ ሰዓት ተኩል ያቆዩታል። ማለቁን በአዮዲን ያረጋግጣሉ፤ በነጭ ሳህን ላይ የተንጠባጠበው ድፍድፍ አዮዲን ሲነካው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርቹ ገና ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ማጥለሉም ሌላ ራስ ምታት ነው። ገብስ ገለፈቱ ራሱ ማጥለያ ይሆነዋል፤ ማሽላ፣ ዳጉሳና ጤፍ ያ ስለሌላቸው ድፍድፉ ከታች ተጋግሮ ቧንቧውን ይዘጋል። መፍትሔው ቅርብ ነው የተገኘው፤ ከፎገራ ሩዝ የሚወጣው ገለፈት፣ ወረታ ካሉት የሩዝ መፈልፈያዎች እየመጣ፣ ታጥቦና ተቀቅሎ በአንድ ጥንስስ 2 ኪሎ ያህል ይደባለቃል። ጣዕም አይሰጥም፤ ፈሳሹን ብቻ ያሳልፋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ደስ ይላል፤ ዕቃው ከሩቅ አገር ሳይታዘዝ ከሐይቁ ማዶ መጣ ማለት ነው።

ግሉተን በእርግጥ የለበትም ወይ? ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ የኮዴክስ ደንብ፣ «ግሉተን የሌለው» ለሚባል ምግብ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። ትክክለኛው መንገድም የዚህ ቤት ነው፤ ከመነሻው ግሉተን በሌለው እህል መጥመቅ። ከውጭ የሚገቡ አንዳንድ ጠርሙሶች በገብስ ተጠምቀው በኋላ ግሉተኑ በኢንዛይም የተቆራረጠ ነው፤ የተለመደው ምርመራ ቁርጥራጩን በአግባቡ መቁጠር ስለማይችል፣ ለሴሊያክ ታማሚ እነዚያ የሚያስተማምኑ አይደሉም። በእኛ አገር ደግሞ አደጋው ከእህሉ ሳይሆን ከወፍጮው ይመጣል። ስንዴ ባለፈበት ወፍጮ ቤት የተፈጨ ጤፍ ንጹሕ አይደለም። ቤቱ የራሱን ትንሽ ወፍጮ አስገብቶ ከነዚህ ከሦስቱ እህሎች በቀር ሌላ አያሳልፍበትም። ጤፉን ከመፍጨታቸው በፊት በጠባብ ወንፊት ያሳልፉታል፤ የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ከአውድማ የተቀላቀለ የስንዴና የገብስ ፍሬ ከላይ ይቀራል። እርሾውም ደረቁ ነው፣ ከገብስ ቢራ የተረፈ አተላ አይደለም። ከገብስ ጥንስስ የተሰበሰበ እርሾ ግሉተኑን ይዞ ይመጣልና ይህን የጠበቀ ጠማቂ ሥራውን ያውቃል።

ቅመሙ ላይ ሁለት የተለያየ ደረጃ ተቀምሷል። አዲስ የተከፈተው በርሜል ላይ ድንብላሉ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ብሩህ ነው። ከሌላ ጥንስስ የመጣው ጠርሙስ ግን ሰለሪ ሰለሪ ይሸታል፣ መጨረሻውም ይመራል። ይህ የሚመጣው ድንብላሉ ተፈጭቶ ሲቆይ ወይም ረጅም ሲፈላ ነው። ለ100 ሊትር ከ80 እስከ 100 ግራም ድንብላል በዕለቱ ለሁለት ለሦስት ብቻ ተሰብሮ፣ እሳቱ ሊጠፋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቢገባ ይበቃል። ልጣጩም ላዩ ብቻ በስስ ይላጥ፤ ነጩ የውስጥ ሽፋን ከገባ ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የቅርንፉዱ ሽታ መሳሳት ግን በጠማቂው አይፈረድም። ሽታውን የሚሠራው እርሾው ከእህሉ በሚያገኘው ፌሩሊክ አሲድ ነው፤ ስንዴና ገብስ ይህን በቀላሉ ይለቃሉ፣ ማሽላ ይሰስታል።

አረፋው ይሻሻላል ብዬ አምናለሁ። የስንዴ ፕሮቲን አረፋ ይይዛል፤ የማሽላው ፕሮቲን ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ብዙ አይረዳም፣ የፍሬው ዘይትም አረፋ ያፈርሳል። ይህ የእህሉ ጠባይ ነው። ግማሹ ጥፋት ግን የብርጭቆው ነው። ዓሣ የተበላበት ሳህንና የቢራ ብርጭቆ በአንድ መዘፍዘፊያ ሲታጠቡ ብርጭቆው ላይ የዘይት ስስ ሽፋን ይቀራል፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት ይታያል። በዚያ ብርጭቆ ላይ ዋናው የቤልጂየም ቢራ ራሱ አረፋ አይዝም። ብርጭቆ ለብቻው በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ ከመቅዳት በፊትም በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ። የሎሚ ቁራጭ መሰካቱንም ይተዉት፤ የልጣጩ ዘይት አረፋውን ይገድላል፣ የድንብላሉን ሽታም ይሸፍናል። ጋዙም አነስ ይላል። ጠርሙስ ሲሞላ በሊትር 7 ግራም ስኳር ቢጨመር ለዚህ ዓይነት ቢራ ይስማማል፤ ከ9 ግራም በላይ ከሆነ ግን ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ከበረዶ ሳጥን እንደወጣ ሲቀርብ ምንም አይሸትም። ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ ቀዝቅዞ ከመጣ አምስት ደቂቃ ታገሡት።

አሁን ወደ ምግቡ። ከዚህ ቢራ ጋር የሚሄደው ዓሣ ዱለት ነው፤ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሚጥሚጣ ተሠርቶ ሎሚ ሲጨመቅበት ከድንብላሉ ጋር ይዋደዳል፣ ጋዙም ዘይቱን ከአፍ ያነሣል። እዚህ ቤት ዱለቱ በእርግጥ የተዋጣለት ነው፤ ዓሣው ትኩስ ነው፣ አጥንቱ ተለቅሟል፣ ከእሳቱ በጊዜ ወጥቷል። የቆሮሶ ጥብሱም ቆዳው ተንኮሽኳሽ፣ ሥጋው እርጥብ ነው። ችግሩ እሱ ላይ ነው። አስተናጋጇን «እህቴ፣ ዓሣውን ስትጠብሱት ዱቄት ይነካዋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «አይ፣ ትንሽ ፉርኖ ዱቄት ብቻ ነው» የሚል ነው። ትንሽ የሚባለው እንግዲህ ይቆጠር። አንድ ግራም የስንዴ ዱቄት 80 ሚሊግራም ያህል ግሉተን አለው። በኮዴክስ ጣሪያ ላይ የደረሰ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ እንኳ ከ7 ሚሊግራም አይበልጥም። በቢራው ላይ ያን ሁሉ ወንፊትና ወፍጮ የለፉበት ሰዎች በመጥበሻው አንድ ቁንጥር ዱቄት ድካማቸውን ያፈርሱታል። ኮተሌቱም በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚጠበስ፣ ዱቄት ያልነካው ዓሣ ቢታዘዝም ዘይቱ ራሱ ንጹሕ አይደለም። የፎገራ ሩዝ ዱቄት ወይም የበቆሎ ዱቄት የስንዴውን ቦታ በሚገባ ይተካል፤ ቅርፊቱም የበለጠ ይንኮሻኮሻል። ለዚሁ ብቻ የሚውል አንድ መጥበሻና አንድ ዘይት ማዘጋጀት ደግሞ ብቅል ከማብቀል አይከብድም።

አዋዜውም ይጠየቅ፤ በቢራ የቀጠነ ከሆነ ያው ገብስ ነው። እንጀራው ጤፍና ሩዝ የተቀላቀለበት ነው፤ ይህ ምንም አያስከትልም፣ ዳጉሳና በቆሎ ቢገባበትም እንዲሁ። ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ቀን መኖሩን ግን ከጋጋሪዋ ማጣራት ያስፈልጋል፤ አስተናጋጆቹ ሁልጊዜ አያውቁም።

ዋጋው ከተራ ድራፍት እጥፍ ገደማ ነው። ከእህሉ ለቀማና ከድፍድፉ ልፋት አንጻር አይበዛም። መስተንግዶው ፈጣን ነው፣ መቀመጫው ከሐይቁ ነፋስ ትንሽ ስለሚጋለጥ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ። ለታማሚ የምመክረው ዱለቱን «በሌላ ድስት፣ በአዲስ ዘይት» ብሎ ማዘዝ፣ ጥብሱንና ኮተሌቱን መተው፣ ቢራውን ከበርሜል መጠጣት ነው። ጠርሙስ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ደግሞ ቆሞ ፍሪጅ ውስጥ ያቆየው፤ የልጣጩ ሽታ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ከአንድ ወር በላይ አያሳድረው። ሲከፈት በባሕር ዳር ከፍታ ላይ ከቆላው ይልቅ በፍጥነት ስለሚገነፍል ክዳኑ ቀስ ተብሎ ይላቀቅ፤ ሁለት ሦስተኛው ከተቀዳ በኋላ ጠርሙሱ ዞር ዞር ተደርጎ ከሥር ያለው አተላ ከቀሪው ጋር ይቀዳ።