ግሸን መውጣት ወይስ በየዕለቱ ማመስገን?

መስከረም 21 ሲቃረብ የግሸን ተጓዦች በደሴ በኩል ይጎርፋሉ። አምባሰል ላይ፣ የመስቀል ቅርጽ ባለው አምባ፣ ከሺዎች ጋር እልል ማለት ትልቅ በረከት ነው። ስለት ያለበት ሰው ደግሞ መሄድ አለበት፤ ቃል ነውና።

ሌላው ምስጋና ሰፈር ውስጥ ነው። ከሥራ በፊት ውዳሴ ማርያም መድገም፣ የታመመ መጠየቅ፣ የሠራተኛን ደሞዝ በቀኑ መክፈል። ማንም ስለማያየው ቶሎ ይረሳል። እኔ ግን ይህን አስቀድማለሁ። ጳውሎስ «በሁሉ አመስግኑ» ሲል የከፋንንም ቀን ይጨምራል። ወሎ ላይ ደግሞ ጎረቤትህ ሙስሊም ሊሆን ይችላል፤ እምነትህን የሚያውቀው አብራችሁ ቡና ስትጠጡ፣ ለቅሶ ስትደርስለት ነው።

ለመንገድ ያጠራቀምከው ብር ለጎረቤት ልጅ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ግሸን ለከርሞ ይሁን።