ከእጣኑ ጭስ በኋላ፦ የፈርነስ ማጣሪያ፣ ሄፓ ወይስ ቤት ሠራሽ ሳጥን?

እንግዳው ተሸኝቶ፣ ረከቦቱ ተነስቶ፣ የእጣኑ ጭስ ግን ሳሎኑ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል። አገር ቤት ቢሆን በርና መስኮቱ ወለል ይደረጋል፤ እዚህ ሜሪላንድ በጃንዋሪ ብርድ ማን ይከፍታል? በጁን 2023 ደግሞ የካናዳው ሰደድ እሳት ጭስ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ ወርዶ፣ ጁን 8 ቀን የአየር ጥራት ማስጠንቀቂያው ወይን ጠጅ ቀለም ላይ ደረሰ፤ ይህም «ለጤና በጣም ጎጂ» ማለት ነው። ያን ቀን መስኮት መክፈት ጭሱን «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ማለት ነበር። ብዙዎቻችን ማጣሪያ ፍለጋ የወጣነው ያኔ ነው።

በጣም የሚቀርበን ፈርነሱ፣ ማለትም ቤቱን የሚያሞቀውና የኤሲውንም አየር የሚነፋው መሣሪያ ውስጥ የሚሰካው ጠፍጣፋ ማጣሪያ ነው። ርካሽ ነው፣ መላ ቤቱንም ያዳርሳል። ለውጥ የሚያመጣው ሜርቭ የሚባለው፣ ማጣሪያው ቅንጣቶችን ምን ያህል እንደሚይዝ የሚናገረው ቁጥር ነው። ሜርቭ 8 አቧራና የአበባ ብናኝ ይይዛል፤ የጭስ ቅንጣት ግን አብዛኛው ያመልጠዋል። ከ1 እስከ 3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ካሉት ቅንጣቶች ሜርቭ 11 ቢያንስ 65 በመቶውን፣ ሜርቭ 13 ቢያንስ 85 በመቶውን ያስቀራል። ጭስ ወደሚበዛበት፣ ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮን ወዳለው ስንወርድ ልዩነቱ ይብሳል፤ ለሜርቭ 11 የሚጠየቀው 20 በመቶ፣ ለሜርቭ 13 ግን 50 በመቶ ነው። ካርቶኑ ላይ ሜርቭ ጠፍቶ ኤም.ፒ.አር ካነበባችሁ የአምራቹ የራሱ መለኪያ ነው፤ 1900 የሚለው ከሜርቭ 13 ጋር ይመጣጠናል።

እኔም ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ባለ 1 ኢንች ሜርቭ 13 ገዝቼ ለአሮጌው ፈርነሳችን ሰካሁለትና ረሳሁት። በጁላይ ሙቀት ኤሲው ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም። ባለሙያው መጥቶ ክዳኑን ሲያነሳ የመዳብ ቱቦው ነጭ በረዶ ለብሷል፣ የቤዝመንቱ ወለል ውሃ አቁሯል። ማጣሪያውን መዝዞ አሳየኝ፤ ግራጫ ብርድ ልብስ መስሏል። «ወንድሜ፣ ትንፋሽ አሳጥተኸዋል እኮ!» አለኝ። ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ ላይ አቧራ ሲደራረብ አየር በበቂ አያልፍም፤ ሞቃት አየር ያልደረሰው ቱቦ ደግሞ በረዶ ይጋግራል። ስለዚህ ባለ 4 ኢንች ማስገቢያ ያለው ቤት ሜርቭ 13 ያለ ሐሳብ ይግዛ፤ እጥፋቱ ስለሚበዛ አየር ያሳልፋል። 1 ኢንች ብቻ የሚቀበል አሮጌ ፈርነስ ያለው ባለሙያ ይጠይቅ፣ ካልሆነም ሜርቭ 11 ይዞ በየወሩ እያየ፣ ቢበዛ በ3 ወር ይቀይር። ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፈርነሱ ማመልከት አለበት። ደግሞም ማጣሪያው የሚሠራው አየር ሲያልፍበት ብቻ ነው፤ እንግዳ ባለበት ቀን ቴርሞስታቱ ላይ ፋኑን ከ«አውቶ» ወደ «ኦን» አዙሩት።

ሁለተኛው አማራጭ፣ ወለል ላይ የሚቀመጠው ሄፓ፣ ማለትም በጣም ደቃቅ ቅንጣት የሚይዝ ማጣሪያ ያለው የአየር ማጽጃ ነው። 0.3 ማይክሮን ከሆኑ ቅንጣቶች 99.97 በመቶውን ይይዛል። ይህ መጠን የተመረጠው ለመያዝ ከሁሉ ስለሚያስቸግር ነው፤ የሚያንሱትም የሚበልጡትም በተሻለ ይያዛሉ። «ሄፓ መሰል» የሚለውን ግን እለፉት። ከ99.97 ይልቅ እኔ የማየው ሲ.ኤ.ዲ.አር የሚባለውን፣ በደቂቃ ስንት ኪዩቢክ ፊት ንጹህ አየር እንደሚሰጥ የሚናገረውን ቁጥር ነው። የክፍሉን ስፋት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሁን፤ 15 በ20 ፊት የሆነ ሳሎን 300 ስኩዌር ፊት ነውና 200 ይበቃዋል። ለሰደድ እሳት ጭስ ግን ሙሉ 300 ፈልጉ። ቁጥሩ የሚለካው በትልቁ ፍጥነት ስለሆነ፣ ማታ ድምፁ እንዲቀንስ በዝቅተኛ ፍጥነት የምታሠሩት ከሆነ ከፍ ያለውን ግዙ። የመለዋወጫውንም ዋጋ ከመግዛታችሁ በፊት እዩ፤ አንዳንዱ መኪና ገዝቶ ጎማ እንደማጣት ነው።

ሦስተኛው የአየር ጥራት ተመራማሪው ሪቻርድ ኮርሲና የማጣሪያ አምራቹ ጂም ሮዘንታል በ2020 ያወጡት፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሳጥን ነው። ለግድግዳው አራት ባለ 20 በ20 ኢንች ሜርቭ 13 ማጣሪያ፣ ለክዳኑ አንድ ካሬ ፋን፣ ካርቶንና ፕላስተር ይበቃል። መልኩ አያምርም፣ ይጮኻል፣ ግን ብዙ አየር ያጠራል። ቤዝመንት ለተከራየ ተማሪ የምመክረው ይህን ነው።

ኦዞን የሚባለውን ጋዝ እናመነጫለን ከሚሉት ማጽጃዎች ራቁ፤ ኦዞን ራሱ ሳንባ ይጎዳል።

ሽታ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን የሚይዘው አክቲቬትድ ካርቦን ሲሆን፣ እንደ ጨርቅ የሳሳው ጥቁር ሽፋን ቶሎ ይደክማል፤ ክብደት ያለውን ፈልጉ። የከሰል ጭስ የያዘውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከሦስቱ አንዱም አያስቀረውም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፣ ከሰሉን ቤት ውስጥ አታንድዱ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ስቀሉ።

በአንድ ጊዜ ሁሉን መግዛት ለማይችል፣ መጀመሪያ የፈርነሱን ማጣሪያ ያስተካክል፤ ቀጥሎ አንድ ሄፓ፣ እሱም ሳሎን ሳይሆን አስም ያለበት ልጅ የሚተኛበት ክፍል ይግባ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው እዚያ ነውና።

አዲስ አበባ ለእናቴ እልካለሁ የምትሉ ደግሞ ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ እዚያ ሶኬቱ 220 ነው።