ሰባት ወር ከሊኑክስ ሚንት ጋር

ላፕቶፔ ምንም አልሆነም ነበር። 6ኛ ትውልድ ኢንቴል፣ 8 ጊጋ ራም፤ ሃርድ ዲስኩንም አውጥቼ ኤስኤስዲ አስገብቼለታለሁ። ግን ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አበቃ። ደህና የሚሠራ ዕቃ ጥዬ አዲስ የምገዛበት ብር የለኝም። ስለዚህ በዊንዶውስ ቦታ በነፃ ወደሚጫነው ሊኑክስ ዞርኩ፤ ብዙ ዓይነት አለው፣ ሚንትም አንዱ ነው።

መጀመሪያ በመልክ ተሸነፍኩ። በየሳምንቱ አዲስ ነገር ከሚለቅቁት የሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን ጫንኩ። ያምራል! በሦስተኛው ሳምንት አፕዴት አድርጌ ሳስነሳው ጥቁር ስክሪን። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ በማግስቱ ሪፖርት ማቅረብ ነበረብኝ። ሌሊቱን በስልኬ ስጽፍ አደርኩ።

በሊኑክስ ሰፈር ስቴብል (የተረጋጋ) የሚሉት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የፕሮግራሞቹ ስሪት ለዓመታት ብዙም አይቀያየርም፤ የሚመጣው በአብዛኛው የደህንነት ጥገና ነው። ፌዶራ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት አየሁት፤ አንዱ ስሪት ድጋፍ የሚያገኘው 13 ወር ገደማ ነው። በእኔ ዳታ ፓኬጅ በየዓመቱ ሙሉ ሲስተም ማውረድ አይታሰብም። ዴቢያን የሚባለው ሌላው ጠንካራ ነው፤ ለጀማሪ ግን ትንሽ ኮስታራ ሆነብኝ። ሚንት 22.2 የተሠራው ኡቡንቱ 24.04 በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሲሆን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ጥገና ይመጣለታል። ቀለል ያለውን የኤክስኤፍሲኢ እትም መረጥኩ። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል፤ በሌሊት ፓኬጅ አወረድኩት።

ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ፕሪንተር፦ ሁሉም ያለ ጣጣ ሠሩ።

ያደከመኝ አማርኛው ነው። አይባስ የሚባለውን የአጻጻፍ ሲስተም ኤም17ኤን ከሚባለው የብዙ ቋንቋ ማሟያው ጋር ጫንኩና ሴራ የሚለውን የአማርኛ አማራጭ መረጥኩ። በትልቁ ቲ ‹‹ጥ››፣ በኤክስ ‹‹ሽ›› ይጻፋል። ጣቴ እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ኪማን የሚባለውን ሌላ የአማርኛ መጻፊያ የለመደ ሰው እሱንም በሊኑክስ ያገኘዋል። ሌላው የፎንት ጉዳይ ነው። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ የተጻፈው የዊንዶውስ ፎንት በሆነው ኒያላ ነበር። ሊብሬኦፊስ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ስከፍተው በሌላ ፎንት ተተካና መስመሩ ሁሉ ተንሸራተተ፤ 12 ገጹ 13 ሆነ። አቢሲኒካ በሚባለው ፎንት አስተካክዬ ጻፍኩት። አሁን ወደ ማተሚያ ቤት የምልከው በፒዲኤፍ ብቻ ነው። ከዩኒኮድ (ለሁሉም ፊደላት ከወጣው የጋራ የኮድ ሥርዓት) በፊት የተጻፉት የቆዩ ፋይሎችማ የፈረንጅ ፊደል ድብልቅልቅ ሆነው ነው የሚከፈቱት። ያው በዊንዶውስም ፎንቱ ከሌለ እንደዚያው ናቸው፤ ሊኑክስን አላማም።

ጥር ላይ አፕዴት እያደረገ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ሲስተሙ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ልቤ ቀጥ አለ፣ ያ ጥቁር ስክሪን ትዝ አለኝ። ያዳነኝ ታይምሺፍት የሚባለው የሲስተም ቅጂ ማስቀመጫ ፕሮግራም ነው። በየቀኑ የሲስተሙን ቅጂ እንዲያስቀምጥ አድርጌው ስለነበር ወደ ትናንትናው መለስኩት፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ታይምሺፍት ካላዘዛችሁት በቀር የግል ፋይሎቻችሁን አይዝም። የእድሩን የመዋጮ ሰንጠረዥ በፍላሽ ለብቻው አስቀምጣለሁ።

በነገራችን ላይ ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው የፍላሽ ቫይረስ እዚህ አቅም የለውም። ከማተሚያ ቤት የመጣ ፍላሽ ስሰካ እጄ መንቀጥቀጡን ትቷል። ታናሽ ወንድሜ ግን አኩርፏል፤ በኦንላይን የሚጫወተው ጌም የማጭበርበር መከላከያው ሊኑክስን አይቀበልም። እሱ ዊንዶውሱ ላይ ይቆይ።

ባለፈው ሳምንት የእድሩ ሊቀመንበር የእሳቸውንም ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ‹‹ጫንልኝ›› አሉ። ‹‹ጋሼ፣ መጀመሪያ ሳንጭነው ከፍላሽ ላይ እናስነሳው፤ ዋይፋዩ ከያዘ ያኔ እንወስናለን›› አልኳቸው። አልያዘም። በስልካቸው ዩኤስቢ ኢንተርኔት ሰጥተነው ዋይፋዩን የሚያሠራውን ድራይቨር እየፈለግን ነው።