ራዳር ዲቴክተር፣ የፍጥነት ማሳያ ወይስ ዳሽ ካም? ለደብረ ብርሃን–ሸዋ ሮቢት መንገድ የትኛው ይሻላል

ገንዘባችሁ አንድ ዕቃ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ራዳር ዲቴክተሩን፣ ማለትም የትራፊክ ፖሊስ የፍጥነት ራዳር መኖሩን የሚያስጠነቅቀውን ዕቃ፣ ተዉት። የፍጥነት ማሳያ ግዙ። ይህን ቀድሜ የምናገረው እስከ መጨረሻው የማያነብ ስለማይጠፋ ነው። ምክንያቱን የሚፈልግ ይከተለኝ።

ዕቃ የሚመረጠው በመንገዱ ነውና መጀመሪያ መንገዱን እንየው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሸኖ ወዲህ፣ ጫጫን አልፎ ደብረ ብርሃን እስኪገባ ድረስ፣ አገሩ ሜዳ ነው። አስፋልቱም ብዙ ቦታ ቀጥ ያለ ነው። ነጂው ሳይታወቀው እግሩ ይከብዳል። በዚያው ልክ ጋሪው፣ አህያው፣ የበግ መንጋው ከየት መጣ ሳይባል መሀል መንገድ ላይ ይገኛል። ደብረ ብርሃንን ስታልፉ ነገሩ ይለወጣል። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ የፊት መኪናው መብራት እንኳ አይታይም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ አለ፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ እስከ ደብረ ሲናና ከደብረ ሲና በታች ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው 100 ኪሎ ሜትር እንኳ የለም። ጋቢ ለብሶ ተነስቶ በካናቴራ መድረስ ነው። ይህ የሙቀት ልዩነት በኋላ ዳሽ ካም (መንገዱን የሚቀርጽ የመኪና ካሜራ) ስንመርጥ ያስፈልገናል።

ዲቴክተሩ ምን ይሰማል?

ዲቴክተር ራሱ ራዳር አይደለም። የሬዲዮ ተቀባይ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ የያዘው መሣሪያ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። ሞገዱ መኪናችሁን መትቶ ሲመለስ ድግግሞሹ ትንሽ ተለውጦ ይመለሳል፤ ከለውጡ ፍጥነታችሁ ይሰላል። ዲቴክተሩ ያን ሞገድ ከሩቅ ለመስማት ይሞክራል። የፍጥነት ራዳሮች በአብዛኛው በሁለት ባንድ (የሞገድ ክልል) ይሠራሉ። አንዱ 24 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ኬ ባንድ ነው። ሌላው ከ33 እስከ 36 ጊጋኸርዝ ያለው ኬኤ ባንድ ነው። 10.5 ጊጋኸርዝ ላይ ያለው አሮጌው ኤክስ ባንድ ዛሬ ብዙም አይገኝም።

ዲቴክተር የሚያዋጣው ራዳሩ ያለማቋረጥ በርቶ ሲቆይ ነው። ወይም ከፊታችሁ ብዙ መኪና ኖሮ፣ ፖሊሱ እነሱን ሲለካ የሚረጨውን ሞገድ ዲቴክተሩ ሲለቅም ነው። በእጅ የሚያዝ ራዳር ግን ቃታው ካልተሳበ ዝም ማለት ይችላል። ጠዋት በባዶ መንገድ ብቻችሁን ወደ ጫጫ ስትቀርቡ አስቡት። ቃታው ይሳባል፣ ዲቴክተሩ ይጮኻል፣ ቁጥሩም በዚያው ቅጽበት ይነበባል። ይህ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን መርዶ ነው።

ፖሊሱ የያዘው መለኪያ ሌዘር ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሌዘሩ 904 ናኖሜትር የሆነ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይልካል። ጨረሩ 300 ሜትር ርቀት ላይ እንኳ ስፋቱ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ታርጋችሁን ወይም የፊት መብራታችሁን መትቶ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሥራውን ይጨርሳል። ዲቴክተሩ «ሌዘር» ብሎ ሲጮህ ተለክታችኋል ማለት ነው።

ጣርማበር ላይ ደግሞ ተራራው ራሱ ይከልላል። እንዲህ ያለ ሞገድ ጥምዝ ዞሮ አይመጣም። ስለዚህ ውድ ዲቴክተር እንኳ በጫጫ ሜዳ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚሰማውን፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት የሚሰማው አፍንጫው ሥር ሲደርስ ነው። ነፃው ዲቴክተር አሁንም ከፊት የሚመጣው ሹፌር ነው፤ መብራቱን ብልጭ ሲያደርግላችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ትራፊክ ላይሆን ይችላል። የተገለበጠ መኪና ወይም መንገድ የዘጋ ከብት ሊሆን ይችላል፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ዲቴክተር አይነግራችሁም።

እሺ፣ ግን ልግዛ ካላችሁ

ገበያው ላይ የሚነሱት ስሞች ጥቂት ናቸው። ቫለንታይን ዋን ባለ ሁለት አንቴና ነው። አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ይሰማል፤ ራዳሩ በየት በኩል እንዳለ በቀስት ያሳያል። ሁለተኛው ትውልድ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይሠራል፤ የራሱ ጂፒኤስ ግን የለውም። ድርጅቱ ያለው አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ነው። ቢበላሽ የሚሄደውም እዚያው ነው። ዩኒደን አር7ና አር8 እንደዚሁ ሁለት አንቴናና ቀስት አላቸው፣ ጂፒኤስም ጨምረዋል። ዩኒደን አር3 ቀስት የለውም። አንቴናው አንድ ነው፣ ጂፒኤስ ግን አለው፤ ዋጋውም ከባለ ቀስቶቹ ይቀንሳል።

እኔ ለዚህ መንገድ የምመርጠው አር3ን ነው። ቀስቱ የሚጠቅመው ራዳር በየአቅጣጫው በበዛበት ከተማ ነው። እዚህ ግን ራዳሩ ያለው ወይ ከፊታችሁ ነው ወይ አልፋችሁታል። ጂፒኤሱ ግን ዕለት ዕለት ይሠራል። ሁልጊዜ በሐሰት የሚያስጮኸውን ቦታ መዝግቦ ዝም ያሰኘዋል። የራሳችሁን ፍጥነት ያሳያል። ከፍታም ያሳያል፤ ጣርማበር ላይ ለተሳፋሪ ለመኩራራት ይሆናል።

ከቻይና የሚመጡትን፣ «ባለ 16 ባንድ፣ 360 ዲግሪ» ተብሎ የተጻፈባቸውን ርካሽ ዕቃዎች አትንኳቸው። የባንድ ብዛት ማሻሻጫ ነው። ራዳሩን የሚሰሙት በጣም ቀርቦ ነው፤ ምንም በሌለበትም ይጮኻሉ። ሁለት ሳምንት ከጮኸ በኋላ ማንም ሰው ድምፁን ያጠፋዋል። ድምፁ የጠፋ ዲቴክተር ደግሞ የመስታወት ጌጥ ነው።

የሐሰት ጩኸት ውዶቹም ላይ አለ። አውቶማቲክ በሮችና አንዳንድ መኪኖች ላይ ያለው የጎን መከታተያ በ24 ጊጋኸርዝ ስለሚሠሩ ዲቴክተሩን ያስደነግጡታል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ኤክስ ባንዱን አጥፉት። ኬኤ ባንዱን ግን ሙሉውን ክፍት ተዉት፤ አሜሪካኖች የሚሰማውን ክልል የሚያጠብቡት ለራሳቸው ፖሊስ መሣሪያ ብለው ነው። በውስጡ የተጫነው የትራፊክ ካሜራ ዝርዝር የነሱ አገር መንገድ ነው፣ ለኛ አይረባም።

ዘመድ ይላክልኝ የምትሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ፣ ማለትም የኛ ሰው የሞላበት አካባቢ፣ ዲቴክተር በመኪና ላይ መጠቀም የተከለከለባቸው ቦታዎች ናቸው። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ለቤት መኪና ይፈቀዳል። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ዘመድ ነው መለመን። ጀርመንም ሹፌር በጉዞ ላይ እንዳይጠቀምበት ትከለክላለች። እኛ ጋ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጉምሩክንና የአካባቢያችሁን የትራፊክ ጽሕፈት ቤት በአካል ጠይቁ። «ጓደኛዬ ይዞ ገብቷል» ማስረጃ አይሆንም።

የፍጥነት ማሳያው

አሁን ወደምወደው ዕቃ መጣን። ይህ በክሩስኮት ላይ ተቀምጦ ፍጥነታችሁን በትልቅ ቁጥር የፊት መስታወት ላይ የሚያንጸባርቅ ትንሽ ሳጥን ነው። ሰው «መኪናዬ ላይ መለኪያ እያለ?» ይላል። መለኪያው ግን እውነቱን አይናገርም። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት 39ኛ ደንብ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል። አብልጦ እንዲያሳይ ግን ይፈቅዳል፤ እስከ 10 በመቶና 4 ኪሎ ሜትር በላይ። በእውነተኛ 100 ስትሄዱ 114 ቢልም ደንቡን አልጣሰም። ይህ ለደህንነት ደግ ነው። አደጋው ከፋብሪካው የበለጠ ትልቅ ጎማ ያስገባ መኪና ላይ ነው። እዚያ መለኪያው አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። «60 ላይ ነበርኩ» ብሎ የሚምል ሹፌር ከልቡ ሊሆን ይችላል።

ማሳያው ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ጂፒኤሱ ላይተር ላይ ይሰካል፣ ማንኛውም መኪና ላይ ይሠራል፣ ጎማውም አያሳስተውም። ድክመቱ ዋሻ ነው። ጣርማበር ዋሻ ስትገቡ ሳተላይቱ ይጠፋና ቁጥሩ ይቆማል ወይም ይሰወራል። ሌላው ከመሪው ሥር ያለው ኦቢዲ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ፍጥነቱን ከመኪናው ኮምፒውተር ይቀበላል። ዋሻ አያግደውም። ግን አሮጌ መኪኖችና ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ላይ አይናበብም። በራሳችሁ መኪና ላይ ተሰክቶ ካልሠራ አትክፈሉ። የማያውቅ ሰው ቢጠይቀኝ ባለ ጂፒኤሱን ነው የምለው። ዋሻ ውስጥ ቁጥር ለማየት ጊዜ ያለው ሰው መጀመሪያውኑ በፍጥነት እየነዳ አይደለም።

የፍጥነት ማንቂያውን በሜዳው ላይ በሕጋዊው ወሰን፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ከ60 ወደ 80 ስትወጡ ቁጥሩ በ20 ብቻ ጨመረ፤ ለመቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት ግን በ80 በመቶ ገደማ ያድጋል። ጉም ውስጥ ያ ርቀት አይታይም። ማታ ደግሞ የማሳያውን ብርሃን ቀንሱ። ጉም ፊት ለፊት የሚበራ ቁጥር ዓይን ይይዛል።

ስልክስ? ይሠራል፣ ነፃም ነው። ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ካርታውን ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ፍጥነታችሁን ያሳያል። ዌዝ በሚባለው የመንገድ መተግበሪያ ላይ ፖሊስ የሚዘገበው ሌላ ተጠቃሚ ሲዘግብ ነው። ዘጋቢ ከሌለ ዝም ነው። ኔትወርክ ሲጠፋም ዝም ነው። በዓመት ሁለቴ ለበዓል ወደ ቤተሰብ ለምትወርዱ፣ ጠንካራ የስልክ መያዣ ገዝታችሁ ቀሪውን ብር ለበግ አውሉት። መያዣው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን ስልኩ አይነካ።

ዳሽ ካም

ይህ ከትራፊክ ራዳር ጋር አይገናኝም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በአንድ በጀት ስለሚያወዳድራቸው አነሳሁት። ዶልፊን ወይም አይሱዙ የምትነዱ ከሆነ ከዲቴክተር በፊት ይህን ግዙ። ቁልቁለት ላይ ማን ማንን ቀደመ፣ ማን ወደ ማን መስመር ገባ የሚለውን ክርክር ቪዲዮው ይቆርጠዋል። ባለ ጂፒኤስ ከሆነ ፍጥነቱንም ቪዲዮው ላይ ይጽፋል። ይህ ሁለት ስለት አለው፤ 90 እየሄዳችሁ ከሆነ ራሳችሁ ላይ ትመሰክራላችሁ።

ስትመርጡ ስለ ካሜራ ጥራት ከመጠየቃችሁ በፊት ውስጡ ባትሪ ነው ወይስ ካፓሲተር (በባትሪ ፋንታ ኤሌክትሪክ የሚይዝ ዕቃ) ብላችሁ ጠይቁ። ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሊቲየም ባትሪ ያብጣል። ካፓሲተር ሙቀቱን ይችላል። ቪዮፎ ኤ119 ቪ3 ካፓሲተር ካላቸው አንዱ ነው። ሚሞሪ ካርዱም ለተከታታይ ቀረጻ የተሠራ ይሁን፤ የስልክ ካርድ ቶሎ ይቃጠላል፣ የሚቃጠለውም የምትፈልጉት ቀን ነው።

አገጣጠም

ዲቴክተሩ ፊቱ ወደ አድማስ ቀጥ ብሎ፣ ከፊት መስታወቱ ላይኛው ክፍል ከመሀል መስታወቱ አጠገብ ይሁን። ጠቆር ካለው የመስታወት ጠርዝ በታች አድርጉት። የዝናብ መጥረጊያው ክንድ ፊቱ ላይ አይቆምበት። አንዳንድ የፊት መስታወቶች ሙቀት እንዲመልሱ የብረት ቅባት አላቸው፤ እነሱ ምልክቱን ያዳክማሉ። ሦስቱም ዕቃዎች የኤርባግ መክፈቻ ፊት ለፊት መቀመጥ የለባቸውም። ሽቦውን በጎን ምሰሶው በኩል የሚያወርድ ኤሌክትሪሻን ካገኛችሁ፣ እዚያ ኤርባግ ካለ ሽቦው ከኋላው እንዲያልፍ ንገሩት።

ላይተር ላይ መሰካት ቀላል ነው፤ ሽቦው ግን ማርሹ ላይ ይንጠለጠላል። ንጹሑ መንገድ ከፊውዝ ሳጥኑ መውሰድ ነው፤ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚበራ ፊውዝ፣ የራሱ ትንሽ ፊውዝ ተጨምሮለት። ቁልፍ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ከሚያገኘው ካስገባችሁት፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ተጨምሮበት ጠዋት ባትሪው አያስነሳም። ገመዱን ቆርጦ በፕላስተር የሚጠመጥም ባለሙያ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ከባድ መኪና ላላችሁ፦ አይሱዙ ኤፍኤስአርም ሲኖትራክም 24 ቮልት ናቸው። አብዛኛው ዲቴክተር የሚሠራው በ12 ነው። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ በመካከል ግዴታ ነው። ሻጩ «ችግር የለውም፣ ይችላል» ካለ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቮልት አብራችሁ አንብቡ፤ 12 ብቻ የሚል ከሆነ መቀነሻውን በዋጋው ውስጥ ያስገባላችሁ።