አኖኒመስ ኤፍቲፒ ወይስ ኤንጂንኤክስ?

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ፋይል አስቀምጠህ ማንም ሰው ያለ ፓስወርድ እንዲያወርደው ከፈለግክ ሁለት መንገድ አለህ፦ በቪኤስኤፍቲፒዲ (vsftpd፣ የኤፍቲፒ ሰርቨር ፕሮግራም) የሚሠራ አኖኒመስ ኤፍቲፒ፣ ማለትም ያለ አካውንት የሚገባበት የፋይል ማስተላለፊያ፣ ወይም ፎልደሩን በኤንጂንኤክስ (nginx፣ የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም) መክፈት።

ኤፍቲፒው እንቢ ሲል ያለፋል። 530 የሚል ስህተት (መግባት አልተቻለም ማለት ነው) ካሳየህ መጀመሪያ ኮንፊጉን ክፈትና አኖኒመስ መግባት መፈቀዱን እይ። ብዙ ዲስትሪቢውሽኖች ዘግተውት ነው የሚመጡት። «500 ኡፕስ» ብሎ ስለ ሩት ፎልደሩ (ተጠቃሚው ሲገባ ስለሚያርፍበት ዋና ፎልደር) ካማረረ ግን ችግሩ ፐርሚሽን ነው። ዋናው ፎልደር ላይ አኖኒመስ ተጠቃሚው መጻፍ መቻል የለበትም፤ ስለዚህ ባለቤቱን ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ)፣ ፐርሚሽኑን 755 (ባለቤቱ ብቻ የሚጽፍበት) አድርገው፣ ሰው ፋይል እንዲጭንም ከፈለግክ ውስጡ ሌላ ፎልደር ፍጠርለት። በጣም የሚያናድደው ሦስተኛው ነው፦ መግባቱ ይሳካል፣ የፋይሎቹን ዝርዝር ስትጠይቀው ድርቅ ይላል። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎል ነው። ፖርት 21 ትእዛዝ ብቻ ያመላልሳል፣ ዳታው በሌላ ፖርት ነው የሚሄደው። ዳታው የሚሄድባቸውን የፓሲቭ ፖርቶች ለምሳሌ ከ40000 እስከ 40100 ብለህ ወስንና እነሱንም ፋየርዎሉ ላይ ክፈታቸው።

ኤንጂንኤክስ ጋ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። አንድ ፖርት፣ በቃ። 403 (መግባት ተከልክሏል) ካየህ ወይ አውቶኢንዴክስ፣ ማለትም የፋይሎቹን ዝርዝር የሚያሳየው ቅንብር፣ አልበራም፣ ወይ ፎልደሩን ከያዙት የላይ ፎልደሮች የአንዱ ፐርሚሽን ኤንጂንኤክስን አያሳልፍም። የኤረር ሎጉ የቱ እንደሆነ ይነግርሃል።

ለማውረድ ብቻ ከሆነ እኔ ሳላመነታ ኤንጂንኤክስን እመርጣለሁ። ክሮምም ፋየርፎክስም እኮ በ2021 እ.ኤ.አ. ኤፍቲፒን አውጥተው ጥለውታል። ኤፍቲፒውን የማቆየው ከሱ ሌላ ለማያውቅ አሮጌ መሣሪያ ብቻ ነው።